መሪውን ልከህ ገመዱን ረሳህ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለማህዲ ሙሄዲን
ካርቱም

ወንድሜ ጋሼ ማህዲ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከዚህ ከቡሬ ተነሥቶ፣ መተማን ተሻግሮ፣ አሸዋውን አቋርጦ ካለህበት ይድረስ። እንዴት ነህ? ያ በሙቀት ጊዜ የሚነሣብህ ራስ ምታት ተወህ ወይስ አሁንም ፎጣ እያራስህ ነው የምትውለው? ባለቤትህ ሀያት እንዴት ናት? ልጃችሁስ ጥርስ አወጣ? አሠሪህ ከቁጣው በረድ አለልህ ወይ? የእኛን ከጠየቅህ አልሐምዱሊላህ፣ አባባ ደህና ናቸው፣ እማማ ደህና ናቸው፣ እኔም ናፍቆትህንና ይህን ቀኝ ክርኔን ካልቆጠርኩት ደህና ነኝ።

በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። በመጀመሪያው «መሪው ደረሰሽ?» ስትለኝ «ደርሷል፣ ግን» ስል መስመሩ ተቋረጠ። በሁለተኛው ደግሞ ከ«ግን» ሳልደርስ አባባ ስልኩን ከጆሮዬ ነጥቀው ስለ በርበሬው ገበያ ያጫውቱህ ጀመር። ስለዚህ ያን «ግን» ብዬ የተውኩትን አሁን በወረቀት ልጨርሰው። ጽሑፌ ቁጣ ቁጣ ቢሸትህ እንዳትቀየመኝ። ቁጣዬ አንተ ላይ ትንሽ፣ ሌላው ላይ ብዙ ነው።

ከመሥሪያ ቤታችን የከብት ሐኪሞች መካከል ሞተር ተሰጥቷት ገጠር የምትወርድ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። አምስት ቀበሌ በእኔ እጅ ነው። ነሐሴ ላይ ከቆላው ስመለስ ጎርፍ የበላው መሻገሪያ ላይ ሞተሩ ከነእኔ እንደወደቀ ያኔ ጽፌልሃለሁ። ያልጻፍኩልህ ወጌሻው አሽቶ አስሮ ከፈታኝ በኋላ የሆነውን ነው። ክንዴ መታጠፉን ይታጠፋል፣ መዘርጋቱን ግን እምቢ አለ። የሞተሩ መሪ ደግሞ ዝቅ ያለ፣ ሰፊና ወደ ፊት የራቀ ነው፤ ለረጅም ወንድ የተሠራ። ግማሽ ሰዓት ስነዳ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። አንድ ሰዓት ሲሆን የፊቱን ፍሬን መጨበጤን በዓይኔ አይቼ ካላረጋገጥኩ አላውቀውም። ከመለዋወጫ ሱቅ ስለምትሠራ ከፍ ብሎ ወደ ደረት የሚመለስ መሪ ፈልግልኝ ያልኩህ ለዚህ ነበር።

ኅዳር ላይ ያ ሰሊጥ ጫኙ ሹፌር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ አመጣልኝ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሰንጋ ቀንድ ሽቅብ ወጥቶ የሚመለስ። እማማ «ይህ ምንድን ነው? የአልጋ ራስጌ ነው?» አሉ። አባባ ዞር ዞር ብለው አዩትና ወደ ሱቃቸው ወጡ። እኔ ግን እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር። ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ የተውካትን ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። «እስክታገቢ ድረስ ይበቃሻል» ትላለች። እየሳቅህ እንደጻፍካት አውቃለሁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ምነው ጋሼ፣ ሰው ሲያገባ ክርኑ ይድናል? ወይስ እኔ ስዳር የቆላው ከብት ሁሉ መታመሙን ይተዋል? ከአባባ ብሰማው አይገርመኝም። ካንተ መስማቴ ነው የቆጠቆጠኝ። በል ይህን ተናግሬ ወጣልኝ።

መሪውን ለመግጠም መጀመሪያ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ይርሳው «የመንግሥት ንብረት ነው፤ አንዲት ቡሎን ያለ ወረቀት አትፈታም» አለኝ። ማመልከቻ ጻፍኩ። የሐኪም ማስረጃ አምጪ አለ፤ አመጣሁ። ማኅተሙ ደብዝዟል አለ፤ አስደምቄ አመጣሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አይነበብልኝም አለ፤ አስተርጉሜ አመጣሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ካመላለሰኝ በኋላ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እያሸ «እሺ፣ ግጠሚው። እኔ ግን አላየሁም» አለኝ። ይህች «አላየሁም» ምን እንደምታመጣብኝ ያኔ አላወቅሁም። ፈቃድ መስሎኝ አመስግኜ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከግቢያችን ሞተሩን አቁሜ ራሴ ጀመርኩት። ትዝ ይልሃል፣ የብስክሌትህን ሰንሰለት ስታወልቅ አጠገብህ ቁጭ ብዬ መፍቻ የማቀብልህ እኔ ነበርኩ። ስፖኪዮዎቹን ፈታሁ። መሪውን የያዙት ቡሎኖች አራት ናቸው። ሦስቱ እሺ አሉ። አራተኛው ዝገት በልቶት ኖሮ ስጠመዝዘው ጭንቅላቱ ተላጦ መፍቻው ይሾልክ ጀመር። ዘይት አንጠባጠብኩበት፣ በመዶሻ ነካ ነካ አደረግኩት፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት። እማማ ከጓዳ ሆነው «አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» እስኪሉ ድረስ። ክርኔ በአንድ በኩል፣ ያ ቡሎን በአንድ በኩል ሆነው ለዝሁር ሶላት አዛን ሲል ተሸንፌ ሦስቱን መልሼ አጠበቅኩ።

ሰው ሁሉ የሞተር ነገር ፍኖተ ሰላም ነው አለኝ። ሰኞ ባልደረባዬ ገነነ ለዞን ሪፖርት ሊያደርስ ስለነበር አብረን ሄድን፤ እሱ ከኋላ ተቀምጦ፣ መሪው በከረጢት ጀርባው ላይ ታስሮ። ባምላኩ ከሚባል መካኒክ ዘንድ ደረስን። ልጁ እጁ ፈጣን ነው፣ አልዋሽም። ያን እኔን ያስለቀሰኝን ቡሎን በመሮ ሁለት ጊዜ መትቶ አወለቀው። ጣጣው ከእኔ ጋር አለመነጋገሩ ነው። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ለገነነ ይመልሳል። «ጋሼ፣ እስቲ ይቀመጡበትና ልክዎን እንየው» አለው። «የምነዳው እኔ ነኝ» አልኩት። «እሺ እታለም፣ እሳቸው ካዩት ይበቃል» ብሎ ገነነን አስቀመጠው! ገነነም አፍሮ ይሁን ደስ ብሎት እንጃ፣ ሄዶ ተቀመጠ።

ገጥሞ ሲጨርስ ወጣሁበትና መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞርኩት። የነዳጅ መስጫው ገመድ እንደ ክራር ክር ተወጥሯል። የፍሪሲዮኑም እንደዚያው። አዲሱ መሪ ከአሮጌው አንድ ክንድ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ከፍ ይላል፤ ገመዶቹ ግን ለአሮጌው የተለኩ ናቸው። አንተ መለዋወጫ ሻጩ፣ መሪውን ስትልክ ገመዱን ረሳህ! «ይህ ገመድ አጥሯል» አልኩት ባምላኩን። «ሲነዳ ይላላል» አለ ለገነነ። «ብረት እንዴት ብሎ ይላላል?» አልኩ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እኔም፣ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በሳቁ ደነገጥኩና ዝም አልኩ። ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለኝ ይህች ዝምታዬ ናት። ትክክል መሆኔን እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ገነነ ዞን ቀረ፤ እኔ ብቻዬን ተነሣሁ። ከዋናው መንገድ ሳልወጣ አንድ ባጃጅ ፊቴ ገባና ልርቅ መሪውን ጠመዘዝኩ። ያ የተወጠረ ገመድ ተስቦ ነዳጁን በራሱ ጊዜ ከፈተው። እጄን ለቅቄያለሁ፣ ሞተሩ ግን ያገሳል! ፍሪሲዮኑን ስይዝ አልያዝ አለኝ። ጭድ የጫነ ጋሪ ቆሞ ነበር፤ ከነሞተሬ ጭዱ ውስጥ ገባሁ። ፈረሱ በርግጎ ጋሪውን እየጎተተ እስከ ገበያው በር ሮጠ። አልሐምዱሊላህ ሰው አልተነካም፣ ፈረሱም አልተጎዳ። አንድ ስፖኪዮ ብቻ ነው የተሰበረ። ግን ሻሼ ጭድ ሞልቶ፣ ያ ሁሉ ሰው ከቦኝ፣ ባለ ጋሪው «ሴት ሞተር ላይ የሚያወጣ ሰው ነው መገረፍ ያለበት!» እያለ ሲጮኽ ምድር ብትከፈት በገባሁ ነበር። ወደ ቡሬ የተመለስኩት ሞተሩን አይሱዙ ላይ አስጭኜ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ኖሯል። በማግሥቱ አቶ ይርሳው ያልተፈቀደ ለውጥ በመንግሥት ንብረት ላይ አድርጌያለሁና በጽሑፍ መልስ እስክሰጥ ሞተሩ መጋዘን ይቆለፍበት ብሎ ቆለፈበት። «ግጠሚው ብለውኝ ነበር እኮ» አልኩት። «አላየሁም ነው ያልኩሽ» አለኝ። ቁልፉን ኪሱ ከተተው። ገነነ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ኃላፊያችን ሲጠይቀው «መቆጣጠር አቅቷት ይሆናል» አለ። እሱ በቦታው አልነበረም! ስለ ገመዱ ግን በጆሮው ሰምቷል፤ እሱን አላነሣም። ኃላፊውም ከጥምቀት በኋላ ክትባት ስለሚጀመር እስከዚያ መንዳት ካልቻልኩ ሞተሩ ለገነነ ይሰጥና እኔ ከክሊኒኩ ተቀምጬ መዝገብ እሞላለሁ አለ። መዝገብ መሙላት! አራት ዓመት ተምሬ፣ ሁለት ዓመት በጭቃ ተንከባልዬ።

አሁን የምነግርህን ለአባባም አልነገርኳቸውም። በጥር መጀመሪያ ላይ አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። ከቆላው ቀበሌ፣ ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ እናኑ የሚባሉ ሴት ጎረቤት ነው የደወለው። ሰውዬው መስመር ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ኖሮ ነፋሱ ይሰማኛል። «የእናኑ ወይፈን ከትናንት ጀምሮ ያነክሳል፤ ጭኑ አብጧል፤ ድረሽ» አለኝ። አባ ጎርባ የሚባለው ገዳይ የከብት በሽታ መሆኑን ያኔውኑ አወቅሁ። በጊዜ ከደረሱበት በመርፌ የሚድንበት ዕድል አለው። ካመለጠ ከብቱ የሚቆየው አንድ ቀን ከግማሽ፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የለም። በሞተር ከእኔ ቤት እስከዚያ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው።

ወደ መሥሪያ ቤት ሮጥኩ። መጋዘኑ ተቆልፏል። አቶ ይርሳው የት ነው? ግምገማ ላይ ነው። ቁልፉስ? ከእሱ ጋር ነው። ከስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ቆሜ አስጠራሁት። ዘበኛው ገብቶ ወጣና «ሲያልቅ ይመጣሉ፤ አሁን ሐሳብ እየሰጡ ነው» አለኝ። ሐሳብ እየሰጡ! መድኃኒቴን በትከሻዬ አንግቼ እስከ መገንጠያው በጭነት መኪና ሄድኩ። ከዚያ በኋላ መኪና የለም። ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ፣ ወንዙን ተሻገርኩ፣ ያን ዳገት ወጣሁ። ጫማዬ ተረከዜን ላጠው። ስደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች።

ወይፈኑ ከዋርካው ሥር ተጋድሟል። ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ዘንድሮ ቀንበር ያለማመዱት። ጭኑን በእጄ ስጫነው ከቆዳው ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። መርፌውን ወጋሁት። ለማድረግ ያህል ነው፤ እጄ እየሠራ ልቤ እንደማይድን ያውቃል። እትዬ እናኑ ራሱን ደግፈው ይዘውት ነበር። ሲሞት ጭንቅላቱን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አኖሩና ነጠላቸውን አራገፉ። አንዲት እንባ አላየሁም። «ትናንት ጠዋት ነው ማነከስ የጀመረው። ትመጪልኛለሽ ብዬ ሌላ ሰው ዘንድ አልሄድኩም» ብቻ አሉኝ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። በአባ ጎርባ የሞተ ከብት ቆዳው አይገፈፍም፣ ሥጋው አይበላም፣ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ይህን የምነግራቸው እኔ ነኝ። ዘግይቼ መጥቼ፣ ማዳን አቅቶኝ፣ ቆዳውን እንኳ እንዳትነኩ ብዬ ማዘዝ። ጎረቤቶቹ አጉረመረሙ። አንዱ «ሐኪሟ ለመቅበር ነው እንዴ የመጣችው?» አለ። እትዬ እናኑ ዶማ አምጥተው ለዚያው ሰውዬ ሰጡትና «ቆፍር» አሉት። እኔም ቆፈርኩ። በዚህ ክንድ።

ጋሼ፣ ከዚያ ወዲያ የማላውቃት ፈሂማ ሆኜ ተነሣሁ። በማግሥቱ ኃላፊው ቢሮ ገብቼ አቶ ይርሳው ባለበት ጠረጴዛው ላይ በግራ እጄ መታሁ። «የአንዲት ሴት ጥማድ በመጋዘን ቁልፍ ተፈታ። መልስ በጽሑፍ ፈልጋችሁ ነበር፤ ይኸው» ብዬ የወይፈኑን ሞት ሪፖርት አኖርኩላቸው። ስንት ሰዓት እንደተደወለልኝ፣ ስንት ሰዓት ቁልፍ እንደጠየቅሁ፣ ስንት ሰዓት እንደደረስኩ፣ ሁሉም አለበት። ኃላፊው አንብቦ ወደ አቶ ይርሳው አየ። አቶ ይርሳው ጣራውን አየ። ሞተሩን አውጥቼ እንዳስተካክል ሁለት ቀን ተሰጠኝ። ይቅርታ ግን ማንም አላለም።

የት ልውሰደው? ባምላኩ ዘንድ አልመለስም። ባሕር ዳር ሰው ልኬ ገመድ ባፈላልግ ለዚህ ሞተር ረጅሙ አይመጣም አሉኝ። በመጨረሻ አያ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ ገፍቼ ወሰድኩት። ታስታውሳቸዋለህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን የወፍጮ ሞተርና ብስክሌት የሚጠግኑትን፤ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የነበሩትን። ከቤታችን ሦስት መቶ እርምጃ አይሆንም። «ብስክሌት ጠጋኝ» ብዬ ንቄያቸው ነው እስከ ፍኖተ ሰላም የሄድኩት። በገዛ ሞኝነቴ እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቀኝ።

አያ ወልደ ዮሐንስ ሞተሩን ሳያዩ እኔን አዩ። «ተቀመጪበት። ዓይንሽን ጨፍኚ። እጅሽን ሳታስቢ ዘርጊ፤ የማያምሽ ቦታ ሲደርስ ተይው» አሉኝ። ጨፈንኩ፣ ዘረጋሁ። መሪውን አላልተው እያንከባለሉ አመጡና እጄ ሥር አስገቡት። እንደዚያው አጠበቁት። ጋሼ፣ ነሐሴ ላይ ከወደቅሁ ወዲህ ክንዴን «የት ያምሻል?» ያለ እንጂ «የት አያምሽም?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ገመዱን ደግሞ እንዲህ አደረጉት። የባጃጅ ገመድ ከፊት መሪው ተነሥቶ ከኋላ እስካለው ሞተር ስለሚሄድ ረጅም ነው። ከባጃጅ ሠሪዎቹ ዘንድ ሦስት ገመድ አመጣሁላቸው፤ ለነዳጅ፣ ለፍሪሲዮን፣ ለፊት ፍሬን። መሪውን እስከ ጥጉ አዙረው በሲባጎ ለኩ፣ ልባሱን ቆረጡ፣ ሽቦውን በልኩ ቆረጡ፤ ጫፉን በተን አድርገው በቀለጠ እርሳስ ራስ አበጁለት። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሁሉ ከበው ያያሉ። አንዱ «አያ፣ ምኑ ነው የተበላሸው?» አላቸው። ቀና ሳይሉ «መሪ ከፍ ያለ እንደሆነ ገመዱ ያጥራል ልጄ። ገመዱን ሳያረዝሙ መሪውን ቢሰቅሉት ዞር ባለ ቁጥር ይጮኻል፣ ሕዝብ ላይም ይወጣል» አሉ። የምርጫው ወሬ በየቦታው በሚወራበት በዚህ ሰሞን!  አንድ ሰው ሳቁን በሳል አስመስሎ ሳለ። አያ ወልደ ዮሐንስ እርሳሱን እፍ እያሉ «እኔ የሞተሩን ነው ያልኩት» አሉ።

ወጥቼ ነዳሁት። ግራ አዞርኩት፣ ዝም። ቀኝ አዞርኩት፣ ዝም። እስከ መገንጠያው ደርሼ ተመለስኩ፤ ጣቶቼ አልደነዘዙም። አለቀሰችልህ እህትህ፣ ሰው በሌለበት።

አለቀ ብለህ ደስ እንዳይልህ። ጥምቀት እንዳለፈ ጠዋት ከመሥሪያ ቤት ስደርስ ሞተሩ የለም። «ክትባቱ አስቸኳይ ስለሆነ ለጊዜው ለገነነ ተሰጥቷል» አሉኝ። ለእኔ ክንድ ተለክቶ፣ በእኔ ልፋት ተሠርቶ! መዝገቡን አቀረቡልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ የዶሮና የፍየል ቁጥር ስጽፍ ብዕሩን ሁለት ጊዜ ሰበርኩት፤ ይህን ስልህ እያጋነንኩ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ገነነ ወገቡን ይዞ መጣ። ረጅም ነው፣ ታውቀዋለህ ብዬ አላስብም፣ እንደ ባሕር ዛፍ ነው። መሪው ደረቱ ላይ ይመጣበታል፣ ሲያዞረው ጉልበቱን ይመታዋል። «ይኼ ሞተር አይደለም፣ ልጓም ነው! አሮጌው መሪ ይመለስልኝ» አለ። አቶ ይርሳው በደስታ ከመጋዘን አሮጌውን አወጣ። ለካ ነሐሴ ላይ ስወድቅ ጎብጦ ኖሯል፤ እሱ ራሱ ከሞተሩ ጋር መጋዘን ሲያስገባው «የማያገለግል» ብሎ መዝግቦ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎበታል። በገዛ ፊርማው የማያገለግል ያለውን እንዴት ይገጥመዋል? አዲስ ይገዛ ተባለ። ለመግዛት ጥያቄ ይቀርባል፣ በጀት ይያዛል፣ ጨረታ ይወጣል። ቢፈጥን ሐምሌ። አቶ ይርሳው ደንቡን ገልብጦ አነበበ፣ መልሶ አነበበ፤ መውጫ አጣ። በነጋታው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «አዲስ መሪ እስኪገዛ ድረስ ሞተሩ ለጊዜው በወ/ሪት ፈሂማ ሙሄዲን እጅ እንዲቆይ» ይላል። እኔን አምነው አይደለም፣ ጋሼ። ከእኔ ሌላ የሚነዳው ስለጠፋ ነው። ማሸነፌን እንኳ በደንብ አልሰጡኝም።

እንግዲህ እየነዳሁ ነው። ሐምሌ ላይ ምን እንደሚመጣ አላህ ያውቃል። አንተም ይህን ካነበብህ ወዲያ ሳልልህ ምንም እንዳትልክ፤ ከላክህ ደግሞ ከነገመዱ። ስለዚያች ብጣሽ ወረቀትህ ደግሞ መልስ እፈልጋለሁ፣ ዝም ብለህ እንዳታልፋት።

ያለፈው ሐሙስ ከእትዬ እናኑ ቀበሌ ደረስኩ። ለክትባት ከብቱ ሁሉ ከሜዳው ተሰብስቧል። ሞተሩን አቁሜ ሻሼን ሳስተካክል እሳቸው አንዲት ጥቁር ላም እየጎተቱ መጡ፤ የቀረቻቸው እሷ ናት፣ ዘንድሮ የሚያርሱት ከባላቸው ወንድም በሬ ለምነው ነው። መሪውን ከላይ እስከ ታች አዩት። በጣታቸው ነኩት። «ይህ ነገር ያን ጊዜ ቢኖርሽ ትደርሺ ነበር?» አሉኝ። ልዋሽ አሰብኩ። ዕድሉ ነው፣ የፈጣሪ ነው ልል አሰብኩ፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። «አዎ፣ እደርስ ነበር» አልኳቸው።  ሰው እያየን ነው። ከዚያ የላሚቱን ቀንድ በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙና አንገቷን ወደ እኔ አዞሩት። «እንግዲያ ይቺን ቶሎ ውጊልኝ» አሉ።

አባባ ሰላም ብለውሃል። ለዱዓ እጃቸውን ሲያነሡ ስምህን ከሁላችን አስቀድመው ነው የሚጠሩት፤ መሪውን ግን እስከ አሁን በስሙ አይጠሩትም፣ «ያ የማህዲ ቀንድ» ነው የሚሉት። እማማ ግንባርህን ስመዋል፣ ያዘጋጁልህ በርበሬና ሽሮ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሹፌሩ እጅ ይደርስሃል፤ ለሀያት ስትሰጣት ከፀሐይ እንድትሰውረው ንገራት ብለዋል። ጎረቤታችን ማሚቱ «ልጅ ሲወልድ እንኳ ፎቶ የማይልክ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላሃለች፤ እውነቷን ነው። አያ ወልደ ዮሐንስም ሰላም ብለውሃል፣ «መሪው ደህና ብረት ነው፣ መርጧል» ብለዋል። ለሀያት ናፍቆቴን ንገርልኝ፣ ትንሹን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ። አላህ ከክፉ ይሰውራችሁ።

ታናሽ እህትህ
ፈሂማ ሙሄዲን
ቡሬ፣ የካቲት 23 ቀን 2002 ዓ.ም.